ጉግል ሺትስ ለቤት በጀት፦ ቤት በዋልንበት ጊዜ የታዘብኩት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ዋልን። ገቢ ቀነሰ። ወጪ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀነሰም። የትራንስፖርቱ ቀረ፤ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱና ሳሙናው ደግሞ ጣሪያ ነካ። የድሮው በጀት አልሠራ ሲል ጉግል ሺትስ በሚባለው የጉግል የሰንጠረዥ መተግበሪያ ላይ አዲስ ከፈትን።

ነፃ ነው፤ የጉግል አካውንት ብቻ ይበቃል። እኔ በጣም የወደድኩት አንዱን ሰንጠረዥ ሁለታችንም በየስልካችን ከፍተን እኩል መጻፍ መቻላችንን ነው። ባለቤቴ የሳሙናውን ሂሳብ ስታስገባ እኔ ጋ ወዲያው ይታያል፣ ቀመሩን አንዴ ከሠራችሁት ደግሞ ቀሪው ብር ራሱ ተቀንሶ ይመጣል፤ "ያ ገንዘብ የት ገባ?" የሚባል ጭቅጭቅ በጣም ቀነሰልን።

በጀቱን በወር ሳይሆን በሳምንት ከፋፍሉት። ገቢ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ወር ሩቅ ነው። የማይቀሩትን ከላይ አስቀምጡ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ብድር። "ድንገተኛ" የሚል አምድም የግድ ነው፣ ትንሽ ቢሆንም። የተረፈው የትራንስፖርት ገንዘብ በጊዜ ወደዚያ ካልዞረ ሳይታወቅ በኖ ይቀራል።

ጉግል ሺትስ ወጪውን ራሱ ከባንክ አያመጣላችሁም፤ በእጅ ማስገባት አለባችሁ። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ያሰለቻል። ለእኔ ግን ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱን ወጪ ስጽፍ ነው በደንብ የማየው። ኔት ሲጠፋም እንዲከፈት ፋይሉን ቀድማችሁ ከመስመር ውጭ እንዲሠራ አድርጉት።