ከመስከረም እስከ ግንቦት በተለዋጭ የፊልድ ስሞች፦ የኢላስቲክሰርች ተጠቃሚ ግምገማ

የአገልግሎቶቻችን ሎግ (የሥራ መዝገብ) የሚቀመጠውና የሚፈለገው ኢላስቲክሰርች በተባለው የፍለጋ ሥርዓት ነው። የአንድን ደንበኛ አይፒ አድራሻ ሦስት አገልግሎቶች በሦስት ስም ይመዘግቡታል። የድር አገልጋዩ ኤንጂንኤክስ «ሪሞት_አድር» ይለዋል፤ የክፍያ አገልግሎታችን «ክላየንት_አይፒ»፤ የመግቢያ አገልግሎቱ ደግሞ «ኤስአርሲ» ብሎ ያሳጥረዋል። ሌሊት ላይ አንድ አድራሻ ቢያጠራጥር ተረኛው ባለሙያ ሦስቱንም ስሞች በቃሉ ይዞ፣ በመካከላቸው «ወይም» እየጨመረ መጠይቁን መጻፍ ነበረበት። አንዱን ከዘነጋ የሚያየው ውጤት ጎደሎ ነው፤ መጉደሉን የሚነግረውም የለም።

ይህን ለማቃለል ከመስከረም ጀምሮ «አሊያስ» (ተለዋጭ ስም) የተባለውን የፊልድ ዓይነት እየተጠቀምን ነው፤ ፊልድ ማለት በመዝገቡ ውስጥ የራሱ ስም ያለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 6.4 ስሪት ጀምሮ ስላለ አዲስ ነገር አይደለም። ሥራው ለነባር ፊልድ ሁለተኛ ስም ማውጣት ነው። ዳታው አይነካም፣ አይገለበጥም፤ ፍለጋውና ስሌቱ በአዲሱ ስም ሲጠየቁ ወደ ነባሩ ፊልድ ይመራሉ። እኛ የጋራ ስም አድርገን የመረጥነው በኢላስቲክ የጋራ ስኪማ (የፊልድ ስሞች የጋራ ዝርዝር) ውስጥ ያለውን «ሶርስ.አይፒ» ነው።

ለውጡ የሚገባበት መንገድ ደስ ይላል። ኢንዴክስ መዝገቦቹ የሚቀመጡበት ክምችት ነው፤ ማፒንግ ደግሞ የፊልዶቹን ስምና ዓይነት የያዘው ዝርዝር። ወደ ኢንዴክሱ የማፒንግ ኤፒአይ (ጥያቄ መቀበያ በር) በፑት ጥያቄ አንዲት አጭር ጄሰን (የተዋቀረ ጽሑፍ) ትላካለች፤ ውስጧ ያለው የአዲሱ ፊልድ ስም፣ ዓይነቱ አሊያስ መሆኑና «ፓዝ» በሚለው ቁልፍ ሥር የነባሩ ፊልድ ስም ብቻ ነው። የቀረውን ማፒንግ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም፤ የተላከው ከነበረው ጋር ይዋሃዳል። መልሱም ወዲያው ይመጣል። የሳምንታት ሎግ በሪኢንዴክስ ወደ አዲስ ኢንዴክስ ሲገለበጥ የሚፈጀውን ሰዓትና የሚበላውን ዲስክ ላየ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሐሳብ ከተለወጠ ደግሞ ፓዙን ቀይሮ ያንኑ ጥያቄ መላክ ይበቃል።

አንድ ተለዋጭ ስም በአንድ ኢንዴክስ ውስጥ ከአንድ ፊልድ በላይ ማመልከት አይችልም። ሰነዱን መጀመሪያ ሳነብ ይህ ለእኛ የማይሆን መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ማፒንግ የየኢንዴክሱ ነው። በኤንጂንኤክስ ኢንዴክስ ውስጥ «ሶርስ.አይፒ» ወደ «ሪሞት_አድር» ያመለክታል፤ በክፍያው ኢንዴክስ ወደ «ክላየንት_አይፒ»፤ በመግቢያው ወደ «ኤስአርሲ»። ሦስቱ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ መጠይቅ ሲላክ እያንዳንዱ ኢንዴክስ በራሱ ማፒንግ ተርጉሞ ይመልሳል። ለዚህ ብቻ እንኳ ብጠቀምበት አይቆጨኝም።

ዓይነቶቹ ግን አንድ መሆን አለባቸው። «ሪሞት_አድር» የአይፒ ዓይነት ሆኖ «ኤስአርሲ» ኪዎርድ (እንዳለ የሚነጻጸር ጽሑፍ) ከሆነ፣ እንደ 10.0.0.0/8 ያለ የኔትወርክ ክልል ሲፈለግ የመጀመሪያው በክልሉ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ያመጣል፤ ሁለተኛው ግን ያንኑ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይፈልግና ባዶ እጁን ይመለሳል። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ስለዚህ ተለዋጭ ስም ከማውጣታችን በፊት የፊልድ ኬፕስ ኤፒአይን እንጠይቃለን፤ የትኛው ፊልድ በየትኛው ኢንዴክስ ምን ዓይነት እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የኢላስቲክሰርች ማሳያ ገጽ የሆነው ኪባናም በበኩሉ የዓይነት ግጭት ያለበትን ፊልድ ምልክት ያደርግበታል፤ ገብቶ የሚያየው ከተገኘ።

ብዙ ያደከመን የዳታ ስትሪም (በተከታታይ ኢንዴክሶች ላይ የሚጻፍ የሎግ ፍሰት) ጉዳይ ነው። ሎግ ዘወትር የሚጻፈው ወደ አንድ ቋሚ ኢንዴክስ አይደለም፤ ዕድሜው ወይም መጠኑ ከተወሰነለት ሲያልፍ በሮልኦቨር አዲስ ኢንዴክስ ይከፈታል። አዲሱ ማፒንጉን የሚወስደው ከቀዳሚው ሳይሆን ከቴምፕሌቱ፣ ማለትም ለአዲስ ኢንዴክሶች ከተዘጋጀው ንድፍ ነው። በኤፒአይ ነባሮቹ ላይ ብቻ የተጨመረ ተለዋጭ ስም ስለዚህ እስከሚቀጥለው ሮልኦቨር ድረስ ያምራል፣ ከዚያ ግን አዲስ በሚገባው ሎግ ላይ የለም። ጥቅምት ውስጥ ለውጡን ያስገባው ክፍል ቴምፕሌቱን ሳይነካ ቀርቶ ይኸው ደረሰ። የከሸፉ የመግቢያ ሙከራዎችን የሚያሳየው ግራፍ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዜሮ ላይ ተኛ። ተረኛዋ ባልደረባችን ጠዋት ርክክብ ላይ «ሌባው ሁሉ ትናንት ሰንበት ያዘ እንዴ?» አለች። ኢላስቲክሰርች በማፒንግ ውስጥ የሌለ ፊልድ ሲፈለግ አይጮህም፤ ምንም አላገኘሁም ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉ ተቆረጠ፦ መጀመሪያ ቴምፕሌቱ ይስተካከላል፤ በሲሙሌት ኤፒአይ የሚወጣው ማፒንግ ይታያል፤ በሥራ ላይ ያሉት ኢንዴክሶች የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለውጡን በመጻፊያው ኢንዴክስ ላይ ብቻ መወሰን ለሚፈልግ «ራይት_ኢንዴክስ_ኦንሊ» የሚባል አማራጭ አለ፤ ለእኛ አልጠቀመንም፣ የኋላውን ሎግም በአዲሱ ስም መፈለግ ስለምንፈልግ።

ሌላው፣ ተለዋጭ ስም ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይሆንም። የክፍያው ቡድን በቀና ልቦና አገልግሎቱን አሻሽሎ «ሶርስ.አይፒ» የሚል ፊልድ በቀጥታ መላክ ቢጀምር፣ ያ ስም ተለዋጭ በሆነበት ኢንዴክስ ላይ እያንዳንዱ መዝገብ በ400 ስህተት ይመለሳል። ክፋቱ ሎጉ የሚላከው ብዙ መዝገብ በአንድ ጥያቄ በሚቀበለው በበልክ ኤፒአይ መሆኑ ነው፦ የጥያቄው አጠቃላይ መልስ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» ሆኖ ይመጣል፤ ውድቀቱ ውስጥ ለውስጥ በየመዝገቡ ነው የተጻፈው። ሎግ ላኪው ፕሮግራም ፋይልቢት እንዲህ ያለውን መዝገብ በራሱ ሎግ ላይ አስጠንቅቆ ይጥለዋል። ሌላው ላኪ ሎግስታሽ የወደቁ መልእክቶች ማቆያው ከተከፈተለት ያስቀምጠዋል። የላኪዎቻችሁን ሎግ የሚያነብ ሰው ከሌለ መረጃው ሳይሰማ ያልቃል።

የድሮ ሎግ ያላችሁ አንድ ወጥመድ ልብ በሉ። በፋይልቢት 6 «ሶርስ» የሚለው ስም የፋይሉን መንገድ የያዘ ተራ ኪዎርድ ነበር፤ በ7 ነው ወደ ሌላ ስም የተዛወረው። «ሶርስ» ኪዎርድ በሆነበት ኢንዴክስ ላይ ሥሩ «አይፒ» ማስገባት አይቻልም፤ አንድ ስም ዋጋም ቤተሰብም ሊሆን አይችልምና ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ለእነዚያ ሪኢንዴክስ ከማድረግ ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ውጤቱን የሚቀበል ስክሪፕት ለሚጽፉም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፍለጋው በአዲሱ ስም ይሠራል፤ የሚመለሰው የመዝገቡ ዋና ይዘት ግን እንደተላከ ነው የሚቀመጠውና አዲሱ ስም በውስጡ የለም። «ሶርስ.አይፒ» ብሎ ከዚያ የሚጠብቅ ስክሪፕት ባዶ ያገኛል። ከ7.10 ወዲህ ያለው «ፊልድስ» የተባለ የፍለጋ አማራጭ ይህን ይፈታል፤ የእኛን የማንቂያ ስክሪፕቶች በሙሉ ወደዚያ አዛውረናል።

የፍጥነት ልዩነት አላየሁም። ተለዋጭ ስሞች በኢንዴክሱ የፊልድ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ጣሪያው በነባሪው 1000 ስለሆነ ለሁሉም ነገር ስም ለማውጣት የተመኘ ሰው ቶሎ ይደርስበታል። አንዴ የገባ ተለዋጭ ስምም ከማፒንጉ አይሰረዝም። አቅጣጫውን መቀየር ይቻላል፣ ማጥፋት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ «እስቲ እንሞክረው» የሚባለው በሙከራ ኢንዴክስ ላይ ቢሆን ይሻላል።

እኔ ለሌላው የምመክረው በመሸጋገሪያ ጊዜ ብቻ እንዲጠቀምበት ነው። ቡድኖች በስም መስማማት አቅቷቸው በየወሩ ተለዋጭ ስም የሚያስጨምሩ ከሆነ፣ ችግሩ የሚፈታው በማፒንግ ሳይሆን በስብሰባ ነው። እኛም ከሚያዝያ ጀምሮ አዲስ የሚገባውን ሎግ በኢንጀስት ፓይፕላይን ገና ሳይጻፍ በትክክለኛው ስም እየሰየምነው፣ ወደ አዲስ ዳታ ስትሪም እየላክነው ነው። ኤንጂንኤክስና የክፍያው አገልግሎት ተጠናቀዋል፤ የመግቢያው ይቀራል። የድሮዎቹ ኢንዴክሶች የማቆያ ጊዜያቸው ሲያልቅ ከነተለዋጭ ስሞቻቸው ይሰረዛሉ፤ የአሮጌው ቴምፕሌት መጥፋትም ለሐምሌ ተቀጥሯል።