ከሀዋሳ ዋሽንግተን፦ በቀጥታ፣ በኢስታንቡል ወይስ በዱባይ?

አሜሪካ ያለ ልጅ እናቱን ሲጠራ ትኬት የመምረጡ ሥራ ሀዋሳ የቀረው ወንድም ወይም እህት ላይ ይወድቃል። እባካችሁ ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትቁረጡ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭሩ መስመር በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በኢስታንቡል የሚሄድ ሰው ብዙም አይዞርም፤ ሁለቱ በረራዎች ተደምረው 12,100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። በዱባይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሄዶ መመለስ አለ። ድምሩ ወደ 13,900 ይጠጋል። አየር ላይ ብቻ 18 ሰዓት ያህል ነው፤ የትራንዚቱ ጥበቃ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። በኢስታንቡል ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይበረራል፣ ጥበቃው ለብቻው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። እንደየጊዜው ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም አርፏል። ሰው «ቀጥታ ካልሆነ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱም ፊት ለፊት ይመጣበታል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው መልሱ ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ የሚገባው።

ዋናው ነገር፣ ለነዳጅ ሲቆም አውሮፕላን አይቀየርም። እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። በማያውቁት ኤርፖርት በር ፍለጋ መንከራተት የለም። ለእናቴ ቢሆን እኔ ይኼንን ነው የምቆርጠው፣ ትንሽ ቢወደድም። ወጣት ከሆናችሁና የዋጋው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ኢስታንቡል ጥሩ ነው። ዱባይን የምመርጠው እዚያ ወርዶ የሚጠይቀው ዘመድ ላለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንምጣ። አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች። የሀዋሳው በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ትኬት ይቆረጥ። ያኔ የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ በሌላ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። በመኪና ከሄዳችሁ በዋዜማው አዲስ አበባ እደሩ።

ሰዓቱንም አጣሩ። ትኬት ላይ 22:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:30 ካለ ደግሞ ከሌሊቱ 6:30 ነው፣ ቀኑም ተቀይሯል። ማክሰኞ 00:30 የተባለ ሰው ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት አለበት።