አራት ዓመት በአጠገቡ እያለፍኩ ያልገባሁበት ሙዚየም (ስድስት ኪሎ)

ባለፈው ሳምንት ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አይቼ መጣሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሂዱ ሂዱ እያልኩ ስለሆነ እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው። አምስት ኮከብ ከአምስት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ።

እኔ እዛው ግቢ ነው የተማርኩት። በዘጠናዎቹ አራት ዓመት ሙሉ ከዶርም ወደ ክላስ፣ ከክላስ ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ኬኔዲ ላይብረሪ ስመላለስ ያንን ሕንፃ በቀን ስንቴ እንዳየሁት ልቆጥረው አልችልም፣ ግን አንድም ቀን ውስጡ ገብቼ አላውቅም። ቱሪስቶች ካሜራ አንጠልጥለው ሲገቡ እናያቸዋለን፣ ለእነሱ የተሠራ ነገር ነበር የሚመስለን። አሁን ሳስበው ከልቤ ነው የሚቆጨኝ።

ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የት ልግባ ምን ላጥና እያለች ስለሆነ ግቢውን ላሳያት ብዬ ተነሳሁ። አባዬም "እኔም እሄዳለሁ" አለ። አባዬ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እዛ ግቢ የገባው በ1959 ዓ.ም ነው፣ ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጉልበቱን ያመዋል፣ ድሮ ድሮ ስለዚያ ጊዜ ብዙም አያወራም ነበር፣ እሄዳለሁ ሲል ገረመኝ። እና እውነቱን ለመናገር ጉብኝቱን ጉብኝት ያደረገው የእሱ መምጣት ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ እዛ የተማረ ትልቅ ሰው ቤታችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ ነው።

በር ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ እንዳትረሱ። የመግቢያ ዋጋ ለሀገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፣ ለእኛ ምንም የሚከብድ አይደለም። አስጎብኚ ያዙ፣ ይሄንን በጣም ነው የምለው፣ ምክንያቱም ብቻችሁን ከገባችሁ ዕቃ አይታችሁ ነው የምትወጡት። የእኛ አስጎብኚ በጣም ጨዋ ልጅ ነበር፣ አባዬን "አባቴ ቀስ ይበሉ፣ ጊዜ አለን" እያለ ደረጃው ላይ ክንዱን ይዞ ነው ያወጣው።

ከመግባታችሁ በፊት ግን ውጪ ትንሽ ቁሙ። ፊት ለፊት ወደ ላይ የሚጠማዘዝ የትም የማይደርስ ደረጃ አለ አይደል፣ እኔ ተማሪ እያለሁ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ። ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፣ ሙሶሎኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከእነሱ 1922 ጀምሮ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንድ ዓመት ነው። ጣልያን ሲባረር ደረጃውን አላፈረሱትም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት፣ በቃ። የወንድሜ ልጅ ይሄንን ስትሰማ ተመልሳ ደረጃውን ዞራ አየችው፣ እኔም ከእሷ ጋር እንደገና አየሁት።

ሕንፃው ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ ጃንሆይ ከወረራው በፊት ያሠሩት። እኔ ይሄ ሙዚየም ከሌላው የሚለይበት ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ዕቃው ከመታየቱ በፊት ግድግዳው ራሱ ታሪክ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው፣ ድሆች ምጽዋት ሊቀበሉ ተሰብስበው በነበረበት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እናውቀዋለን፣ ከበሩ ውጪ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት በእነዚያ ቀናት የተጨፈጨፉት ሰዎች ነው። እኔ እዛ ሐውልት ሥር ታክሲ ስጠብቅ ነው አራት ዓመት የኖርኩት። ሐውልቱን አየሁት፣ ግቢውንም አየሁት፣ ሁለቱን አገናኝቼ ግን አላውቅም ነበር።

ደግሞ ታኅሣሥ 1953 አለ። ጃንሆይ ብራዚል በጉብኝት ላይ እያሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን የያዟቸው እዚሁ ቤተ መንግሥት ነው፣ ነገሩ ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ተረሸኑ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ሌሎችም። በዓመቱ በ1954 ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ደም የፈሰሰበትን ቤት ለተማሪ መስጠት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። አባዬ እዚህ ጋ ቆም አለና "እኛ ስንገባ አምስት ዓመት ነበር የሆነው፣ ሲኒየሮቹ ሁሉ ያወሩት ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ስለነበር በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት" አለን። የወንድሜ ልጅ "ታዲያ አባባ ጃንሆይ ሰልፍ ለወጡባቸው ልጆች ነው ቤታቸውን የሰጡት?" አለችው። አባዬ "አዎ ልጄ" ብቻ አላት።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከዚያ በፊት ነው የተጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ። ያደራጁት ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ናቸው፣ የተጀመረውም በ33 ተማሪ ነው። ሠላሳ ሦስት! እኔ ፍሬሽ ሆኜ የገባሁበት አንድ ሴክሽን እንኳ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

ወደ ውስጥ እንግባ። ሙዚየሙ የተደራጀው በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም፣ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፣ ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ። መጀመሪያ ልጅነት ነው፣ መወለድ፣ ጨዋታ፣ ተረት። ቀጥሎ ጉልምስና፣ እምነት፣ የአርብቶ አደር ኑሮ፣ የባህል መድኃኒት፣ አደን፣ ጦርነት፣ የእጅ ሥራ። መጨረሻ ላይ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው፣ የመቃብር ሐውልቶች። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የአፋሩም የኮንሶውም የአማራውም የኦሮሞውም ልጅ አብሮ ይወለዳል፣ አብሮ ያድጋል፣ አብሮ ይሸኛል። በዚህ ጊዜ ይሄንን ማየት ሆዴን ነው ያባባው። የልጆች ጨዋታ ያለበት ጋ አባዬ ስለ ገና ጨዋታና ስለ ገበጣ ማውራት ጀመረ፣ አስጎብኚው ዝም ብሎ አዳመጠው፣ ከኋላችን የነበሩ ሁለት ልጆችም መጥተው ተጠጉ፣ ለአስር ደቂቃ ያህል አስጎብኚው አባዬ ሆነ።

የጃንሆይ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤታቸውና ልብስ መቀየሪያቸው እንደነበረ ተጠብቋል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ግን የገረመኝ መኖሪያ ክፍል መምሰሉ ነው፣ ሰው የተኛበት ቤት። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፣ የታኅሣሡ ግርግር ነው ይላሉ። የወንድሜ ልጅ እዛ መስታወት ፊት ብዙ ቆመች።

ላይኛው ፎቅ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ፣ ባለ ሁለት ባለ ሦስት ተከፋች ሥዕሎች፣ ድሮ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸው የሚሄድባቸውን የሚያካክሉ ትንንሾችም አሉ። እዚህ ጋ ጊዜ ስጡ፣ አትሩጡ። ይሄን ስብስብ ሲያሰባስቡ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ስታኒስላው ሆይናትስኪ የሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የላይብረሪ ሰው ናቸው፣ የሥዕሎቻችንን ታሪክ በማጥናትም ይታወቃሉ። ተቋሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ፣ የእንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ የሲልቪያ ፓንክኸርስት ልጅ፣ እናትና ልጅ ሁለቱም ሥላሴ ካቴድራል ነው የተቀበሩት። ሰው አገሩ ያልሆነውን አገር ይሄን ያህል ሲወድ ሳይ ዕቃዎቹን በሌላ ዓይን ነው የማያቸው። ከዚያው ፎቅ ላይ የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍል አለ፣ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሌላም ሌላም፣ እኛ ግን ሰዓት ስላለቀብን ሮጥ ሮጥ ብለን ነው ያየነው። የእኛ ጥፋት ነው፣ ውጪ ደረጃው ጋ ብዙ ቆይተናል። እናንተ ጠዋት ሂዱ፣ ግማሽ ቀን መድቡ።

አሁን ከሙዚየሙ ስትወጡ ወደ ቤት እንዳትሮጡ፣ ግቢውን ዙሩ። ዛፎቹ ብቻቸውን ይበቃሉ። ኪሲንግ ፑል ጋ ቁጭ በሉ፣ ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ በእኔ ጊዜ እዛ ከሚሳሳመው ሃንድአውት የሚያነበው ይበልጥ ነበር። ኬኔዲ ላይብረሪን ከውጪ አሳየኋት፣ ፈተና ሲደርስ ወንበር ለመያዝ ከንጋቱ ጀምሮ የምንሰለፍበትን፣ ደብተራችንን ጠረጴዛ ላይ ትተን ቁርስ በልተን የምንመለስበትን፣ ሰቃዮቹ ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን መስኮት። ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የባህል ማዕከሉ፣ ኦሲአር የምንለው የመማሪያ ሕንፃ፣ እያንዳንዱ ቦታ ጋ አንድ ጓደኛ ትዝ ይለኛል። ካፌ የበላነው ሽሮ ራሱ ናፈቀኝ፣ ሽሮው ሳይሆን አብረውኝ የበሉት ልጆች ናቸው መሰለኝ።

አንድ ቦታ የዩኒቨርሲቲውን ዓርማ አየችና "ኩሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ" የሚለውን አነበበችው፣ ምን ማለት ነው አለች። አባዬ ልጅ እያለ ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማረ ሳያስብ ነው የመለሰላት፣ "ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙን ያዙ"። ከዚያ የእሱ ጊዜ ልጆች እንዴት መርምሩ የሚለውን ይዘው እንደሄዱ ነገራት። በ1957 የካቲት ላይ "መሬት ለአራሹ" ብለው ፓርላማ ድረስ የወጡትን እሱ ሲገባ ገና ትኩስ ወሬ ነበር። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ የሚባለው ነበር፣ ተማሪው ሳይመረቅ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ያገለግላል፣ አብዛኛው ያስተምራል። አባዬ የደረሰው ነቀምት ነው። "አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ስለ ገበሬው የምናወራውን እዛ ሄደን ገበሬውን ነው ያየነው፣ ተማሪዎቼ በባዶ እግራቸው የሁለት ሰዓት መንገድ መጥተው ነው የሚማሩት" አላት። ይሄንን እኔም ከእሱ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

እዛው ነቀምት እያለ ነው ታኅሣሥ 1962 የመጣው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ማታ በጥይት ተመታ፣ በማግስቱ ተማሪው አስከሬኑን ይዞ እዚሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ እያለ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ፣ ተማሪዎች ሞቱ። አባዬ ይሄን የሰማው ሩቅ ሆኖ ነው። "ጓደኞቼ እዚህ ነበሩ፣ እኔ እዛ ነበርኩ" አለና ግቢውን ዞር ብሎ አየው፣ ሌላ አልጨመረም። የወንድሜ ልጅ ክንዱን ያዘችው። ሙዚየሙ ውስጥ ይሄን የሚነግራችሁ ሳጥን የለም፣ ሳሩ ላይ ቁማችሁ ነው የምትሰሙት፣ ለዚህ ነው ሙዚየሙን ከግቢው ነጥላችሁ አትዩት የምለው።

በእሱና በእኔ መካከል ያለውን ዘመን ደግሞ ሁላችንም ቤት አለ፣ ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር መሄዱ፣ ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ፣ ከዚያ ቀይ ሽብር። አሁን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ የአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፣ የወንድሜ ልጅ የምትገባበት ከአባዬም ከእኔም የተለየ ግቢ ነው የሚሆነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር። ደረጃ አለው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ እንደኛ ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ አትቸኩሉ። ፎቶ ማንሳት የት እንደሚቻል አስጎብኚውን ጠይቁ። ቀኑ ከተረፋችሁ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል እዛው አጠገብ ነው፣ ብሔራዊ ሙዚየምም ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ስትሉ አለ፣ ግን ሉሲንና ይሄንን በአንድ ቀን አታደራርቡት፣ ሁለቱም ይበደላሉ። ማኪያቶ ልንጠጣ ከበሩ ውጪ አንድ ቤት ገብተን ነበር፣ ቀዝቅዞ ነው የመጣልን፣ ቤቱን አልጠራውም፣ ሻይ ግቢው ውስጥ ተማሪው መሀል ብትጠጡ ይሻላል።

ማታ ቤት ከገባን በኋላ አባዬ ስልኩን አንስቶ ነቀምት አብሮት ያስተማረ ጓደኛው ጋ ደወለ፣ ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ቆይተዋል። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ይዣቸው እሄዳለሁ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹን ክፍል ገና በደንብ አላየነውም።