«በ2.95 ዶላር እንልክልሃለን» ለሚል መጋዘን ኮሚካችሁን ከማስረከባችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው የራሳችሁን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ለምታሳትሙ፣ ወይም ለማሳተም ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ላላችሁ ወገኖች ነው። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ዓመት ማታ ማታ የሣልኩትን ባለ 112 ገጽ የአማርኛ ኮሚክ ለማሳተም ኪክስታርተር በሚባለው፣ ከሕዝብ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ላይ ዘመቻ ከፈትኩ። 486 ሰው ደገፈኝ። 19,340 ዶላር ተሰበሰበ። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ፣ 25 ካርቶን ሆኖ ሲመጣ ግን ጥያቄው ፊቴ ተገተረ። ይህን ሁሉ ማን ያሽገዋል?

የቀን ሥራ አለኝ። ልጆች አሉኝ። ቤታችን ጠባብ ነው። ስለዚህ ዕቃ ተረክቦ፣ አሽጎ ለደንበኛ የሚልክ አንድ ድርጅት ፈለግኩ። በሙያው ቋንቋ «ፉልፊልመንት» ይሉታል። ያገኘሁት ድርጅት መጋዘኑ ፔንሲልቬንያ ነው። ስሙን አልጠራም። እንዲህ ዓይነት ውል የሚያስፈርመው እሱ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ስትሸሹ ሌላው ጋ እንዳትወድቁ ውሉን ራሱን ብታውቁት ይሻላል።

ማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ «በአንድ ትዕዛዝ 2.95 ዶላር» ይላል። ስልክ ላይ ያነጋገረኝ ልጅ ደግሞ አንደበቱ ማር ነው። «አንተ መሣልህን ቀጥል፣ ሌላውን ለእኛ ተወው» አለኝ። ተውኩለት። ውሉ 14 ገጽ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሦስቱን ነው ያነበብኩት። 23 ካርቶን ወሰዱ፣ ሁለቱ እኔ ጋ ቀሩ። እነዚያ ሁለቱ ኋላ ላይ እንዴት እንዳዳኑኝ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ሲመጣ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ስኒውን አስቀመጥኩ።

ካርቶኖቹን ከመኪና አውርዶ ለመረከብ በካርቶን 6.50፣ ጠቅላላ 149.50 ዶላር። አካውንት ለመክፈት 150። አንድ ፓሌት (ካርቶኖቹ የተደረደሩበት የእንጨት መደብ) ለማስቀመጥ የወር ኪራይ 45። ለ426 ትዕዛዝ በ2.95 ሂሳብ 1,256.70፤ ይህኛው የተነገረኝ ነው። (ከ486ቱ 29ኙ ፒዲኤፍ ብቻ ነው የወሰዱት፣ 31ዱ አዲስ አበባ ናቸው።) የማሸጊያ ሣጥን በእያንዳንዱ 1.40፣ 596.40 ዶላር። ቀጥሎ «ተጨማሪ ዕቃ» የሚል መስመር አለ። 852 ጊዜ 60 ሳንቲም፣ 511.20 ዶላር።

852 ምንድን ነው ብዬ ደወልኩ። ለካ ተለጣፊዋና ዕልባቷ ናቸው። ዘመቻው ሊያልቅ ሲል ሰው እንዲበረታታ «ለሁሉም ተለጣፊና ዕልባት በነጻ!» ብዬ ፎክሬ ነበር። ተለጣፊዋን ያሳተምኩት በ11 ሳንቲም ነው። እሷን ከመደርደሪያ አንስቶ ሣጥን ውስጥ ለመጣል 60 ሳንቲም። ያን ጊዜ መጽሐፉ ውስጥ ራሴ ከትቼ፣ አንድ ላይ በፕላስቲክ አሽጌ ብልክላቸው ኖሮ የሚቆጥሩት አንድ ዕቃ ብቻ ነበር።

ድምሩ 2,708.80 ዶላር ነው። ለ426 አካፍሉት። 6.36 ይመጣል። ይህ ሁሉ እንግዲህ የፖስታ ገንዘቡ ገና ሳይነካ ነው።

ወደ ፖስታው ልምጣ፤ ትልቁ ቀዳዳ ያለው እዚያ ነው። መጽሐፌ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ፓውንድ አይሞላም። እነሱ ግን 12 በ10 በ4 ኢንች በሆነ ሣጥን ላኩት። የግል መልእክተኛ ድርጅቶች ደግሞ የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ቁመቱን በኢንች ያባዙና ለ139 ያካፍላሉ፤ የሚወጣውን እንደ ፓውንድ ቆጥረው ከእሱና ከሚዛኑ የበለጠውን ይወስዳሉ። የኔን ሣጥን አስሉት። 480 ሲካፈል ለ139፣ 3.45 ነው። ወደ ላይ ሲጠጋጋ 4 ፓውንድ። የአንድ ፓውንድ መጽሐፍ ይዤ የአራት ፓውንድ ከፈልኩ። የቀረው አየር ነው። አየሩም ቢሆን መጽሐፉን አላዳነውም። ሣጥኑ ውስጥ ምንም ሳይደረግበት ሲንገላታ ሄዶ ጥጉ ተጣጥፎ ደረሰ። 19 ሰው ፎቶ ላከልኝ። አንዱ ፎቶ ላይ የሽፋኑ ቀኝ ጥግ እንደ ውሻ ጆሮ ታጥፏል። ያንን ጥግ ስሥለው ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ርካሽ መንገድ አልነበረም እንዳትሉኝ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ሚዲያ ሜይል» የሚባል አለው። ዋጋው በክብደት ብቻ ነው፤ ከሜሪላንድ ካሊፎርኒያም ሆነ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ እኩል ነው። መጽሐፉ ቢያንስ 8 ገጽ ኖሮት ማስታወቂያ የሌለበት መሆን አለበት። ስለዚህ በየመሃሉ ማስታወቂያ ያለባቸው ቀጫጭን ኮሚኮች በዚህ አይሄዱም። የኔ ማስታወቂያ የለውም። ግን ተለጣፊ አለው! ተለጣፊ መጽሐፍ አይደለም፤ አብሮ ከገባ ሚዲያ ሜይል ቀረ። ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የማየት መብት አለው፣ ካገኘም ልዩነቱን ያስከፍላል። ያቺ የ11 ሳንቲም ጉድ ሁለት ጊዜ በላችኝ ማለት ነው።

የኪክስታርተርን ነገርም ቶሎ ልበል። 5 በመቶ ለራሱ ይወስዳል። ለክፍያ አስተላላፊው ደግሞ 3 በመቶና በእያንዳንዱ ደጋፊ 20 ሳንቲም ይሄዳል። ከኔ ወደ 1,644 ዶላር ተቆረጠ። ይህን አውቀው ነበር። ያላሰብኩት መላኪያውን በዘመቻው ውስጥ ካስከፈልኩ ከእሱም እንደሚቆረጥ ነው። ለመላኪያ ከሰበሰብኩት 3,900 ዶላር ላይ ብቻ 312 ሄደ። ባከርኪትን በመሰለ አገልግሎት መጽሐፉ ታትሞ፣ ተመዝኖ፣ ዋጋው ሲታወቅ መላኪያውን ለብቻ ማስከፈል ይቻል ነበር። እነሱም በነጻ አይሠሩም፣ ግን ቢያንስ በግምት አትከስሩም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አሜሪካዊ የኮሚክ ሠዓሊ የመላኪያ ገንዘብ አልቆበት 127 መጽሐፎቹን አቃጥሎ ቪዲዮውን ለሕዝብ አሳይቷል። ያኔ ስሰማ ለየለት ብዬ ነበር። እኔ ክብሪት አልጫርኩም እንጂ አሁን ሰውየው ይገባኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ለደጋፊዎቼ የአድራሻ መጠይቁን የላክሁት በአማርኛ ነው። መጽሐፉ አማርኛ ነው፣ ሰዎቹ አማርኛ ያነባሉ፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ ጥቂቶቹ በፊደል መለሱ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። ስሙም የአፓርትመንቱም መስመር በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ታተመ። «?????? ????? 304» የሚል ሌብል የተለጠፈበት ሣጥን ተመልሶ መጥቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ኤክሴል ደግሞ የራሱን ተንኮል ሠራ። የማሳቹሴትስና የኒው ጀርሲ ዚፕ ኮድ (የአካባቢው የፖስታ ቁጥር) በዜሮ ይጀምራል። ፋይሉን ከፍቼ ሳስቀምጠው ዜሮዎቹን ዋጣቸው። ያን ዓምድ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ አድርጉት፤ ሳትረሱ። ተመልሶ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ሣጥን መጋዘኑ 4 ዶላር ያስከፍላል። አድራሻ ማረጋገጥ የነሱ ሥራ መስሎኝ ነበር። ውሉ ገጽ 9 ላይ አይደለም ይላል።

ይባስ ብሎ አንድ ሰኞ ለ426ቱም ሰው «መጽሐፍዎ ተልኳል» የሚል ኢሜይል ደረሳቸው። ደስ አለኝ። ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ትራኪንግ ቁጥር ስከፍት «ሌብል ተዘጋጅቷል፣ ዕቃው ገና አልደረሰንም» ይላል። በማግሥቱም ያው። በሳምንቱም ያው። ለነሱ «ተላከ» ማለት ሌብል ታተመ ማለት ነው! ሣጥኖቹ ከመጋዘኑ የወጡት በ19ኛው ቀን ነው። በዚያ መሃል ሰዎች የሚጽፉት ለነሱ አይደለም፣ ለኔ ነው። ኪክስታርተርም ሱቅ አይደለም፤ ለደጋፊው ተጠያቂው ባለ ፕሮጀክቱ ነው። አንዲት የዳላስ እህት «ወንድሜ፣ ገንዘባችንን ይዘህ ጠፋህ እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከአሜሪካ ውጪ ያሉትስ? ጀርመን፣ ሽቱትጋርት የምትኖር አንዲት ደጋፊ ሣጥኗን ለመውሰድ ታክስና የማስተናገጃ ክፍያ ተጠየቀች። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ነጻ የሚባለው ቀርቷል፤ ትንሹም ዕቃ ታክስ አለበት። ጀርመን ውስጥ መጽሐፍ የሚከፍለው 7 በመቶ ነው፣ ሌላው ዕቃ 19። መጋዘኑ ግን በጉምሩክ ወረቀቱ ላይ የጻፈው «ሸቀጥ» ብቻ ነው። «የታተመ መጽሐፍ፣ 4901» (ቁጥሩ የመጽሐፍ የጉምሩክ መለያ ነው) ብሎ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ልዩነቱን ከኪሴ መለስኩላት።

የአዲስ አበባዎቹን 31 እንኳን ለመጋዘኑ አልሰጠሁም። ቅጻቸው የመንገድ ስምና ዚፕ ኮድ ካልተሞላ አያሳልፍም። እኛ አገር ደግሞ ፖስታ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ብዙው ሰው እሱም የለውም። ስለዚህ ቤት ከቀሩት ሁለት ካርቶኖች አወጣሁና በሦስት ተጓዦች ሻንጣ አከፋፈልኩ። ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ስለሚፈቀድላቸው አሥር መጽሐፍ፣ አራት ኪሎ፣ ማንም አይከብደውም። ሁሉንም ለአንድ ሰው አታሸክሙ፤ 31 አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያየ ጉምሩክ ለንግድ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጣ በሁለት ቅዳሜ አደለቻቸው። ከ486ቱ ሁሉ አንድም ቅሬታ ያልመጣው ከነዚህ ነው።

በመጨረሻ በሂሳቡ ስንጨቃጨቅ ድርጅቱ እውነተኛ መልኩን አሳየኝ። «ኢንቮይሱ እስኪከፈል የቀረውን መጽሐፍ አንለቅም» አሉ። ጠበቃ የሆነ ጓደኛዬን ጠየቅኩ። ውሉን አንብቦ ሳቀ። የአሜሪካ ሕግ ባለ መጋዘን ላልተከፈለው ኪራይና አገልግሎት ዕቃውን እንዲይዝ ይፈቅዳል። በዚያ ላይ እኔው ፈርሜበታለሁ። ወደ 475 መጽሐፍ በእጃቸው ነበር። ተከራከር ቢሉህ በምን አቅም? ከፈልኩ። የከፈልኩት ከባንክ ሒሳቤ በቀጥታ ስለነበር እንደ ክሬዲት ካርድ ወደ ኋላ ልጠይቀው እንኳን አልቻልኩም። ለማስወጣት ደግሞ በመጽሐፍ 60 ሳንቲም፣ 285 ዶላር ጨመሩብኝ። ጓደኛዬ ቫኑን አምጥቶ ሄደን ጫንን።

ይህ በትናንሾች ብቻ የሚደርስ አይደለም። እዚሁ ሜሪላንድ የነበረው ትልቁ የኮሚክ አከፋፋይ ዳይመንድ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ ከወራት በኋላ፣ አሳታሚዎች በአደራ ያስቀመጡት መጽሐፍ ለዕዳ መክፈያ ይሸጥ የሚል ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቧል። አሳታሚዎቹ «ንብረቱ የኛ ነው» ብለው ጠበቃ ገዝተው ሲከራከሩ ከረሙ።

ሁሉም መጋዘን ሌባ ነው አልልም። ሦስትና አራት ሺህ ትዕዛዝ ያለው ሰው ብቻውን አይችለውም። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «አንድ መጽሐፍና አንድ ተለጣፊ ለአትላንታ ሲላክ፣ ሁሉም ነገር ተጨምሮ፣ ጠቅላላ ስንት ነው?» መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «እንደ ሁኔታው ነው» ካሏችሁ ስልኩን ዝጉ። የሚጠቀሙበትን ሣጥን ልክ ጠይቁና ማስመሪያ ይዛችሁ አስሉ። መጀመሪያ 50 መጽሐፍ ብቻ ስጧቸው፣ አንዱን ለራሳችሁ ቤት አስልኩ። ሲደርስ እንደ ደንበኛ ሆናችሁ ክፈቱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያላችሁን በሙሉ አታስረክቡ። ግማሹ በአልጋ ሥር ይሁን። የውሉን መውጫ አንቀጽ ከመግቢያው በፊት አንብቡ።

አሁን ሳሎን ወለል ላይ ነው የማሽገው። ለኮሚክ የሚሠራ ጠፍጣፋ የካርቶን መላኪያ በጅምላ ሲገዛ ዶላር ገደማ ነው። ጥጉን አያስነካም። ትልቋ ልጄ ሌብል ትለጥፋለች፣ ትንሹ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና እንቆጥራለን። በአራት ማታ 150 ትዕዛዝ አውጥተናል። ተለጣፊ የለም።

በፊደል ከመለሱት ሰባት ሰዎች አምስቱን በኢሜይል አግኝቻቸው መጽሐፋቸው ደርሷል። ሁለቱ እስካሁን አልመለሱልኝም። እናንተ ከሆናችሁ መጽሐፋችሁ እኔ ሳሎን ነው። አድራሻችሁን ላኩልኝ፣ እባካችሁ በላቲን ፊደል።