ዎከር እና ፉለር፦ ከአንድ ሙያ የወጡ ሁለት የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች

የሁለቱም ስሞች መነሻ የሱፍ ጨርቅ እየረገጠ የሚያጠብቅ ባለሙያ ነው። ጨርቁ ከሸማኔው እንደወጣ ገንዳ ውስጥ ገብቶ በውሃ፣ በቆየ ሽንትና ቅባት በሚመጥ ጭቃ ይረገጣል። ቅባቱ ይለቃል፣ ክሩም እርስ በርሱ ይያያዛል። ሳይረገጥ የቀረ ጨርቅ ሳስቶ ቶሎ ይተረተራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በውሃ ኃይል የሚሠራ መዶሻ እግርን መተካት ቢጀምርም ስሞቹ አልጠፉም።

የሚለያያቸው አገሩ ነው። ዎከር በሰሜን፣ በተለይ በዮርክሽርና በላንካሽር፣ ፉለር በደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም በሰሴክስ፣ በኬንትና በሳፎክ በዛ። በዴቨን በኩል ያው ሙያተኛ ተከር ይባል ነበር። «ዎክ» በዛሬው እንግሊዝኛ መራመድ ቢሆንም፣ ዎከርን «መንገደኛ» ብሎ መፍታት ስሕተት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዎከር እጅግ ይበልጣል፦ በ2010 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሕዝብ ቆጠራ ከቤተሰብ ስሞች በብዛት 28ኛ ሲሆን ከ500,000 በላይ ሰዎች ይጠሩበታል፤ ከእነዚህ ሲሶ ገደማው ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ፉለር በቁጥር ቢያንስም በ1620 የእንግሊዝ ሰፋሪዎችን ባመጣችው በሜይፍላወር መርከብ ደርሷል፤ ወንድማማቾቹ ኤድዋርድና ሳሙኤል ፉለር ተሳፋሪዎች ነበሩ።

የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ፉለር ይቀላል፤ አካባቢው ጠባብ ነው። ዎከር ግን ስኮትላንድም ውስጥ ከጌሊክ (የስኮትላንድ ነባር ቋንቋ) ስም ተተርጉሞ ስለገባ፣ መጀመሪያ አገሩን መለየት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ የደብር መዝገብ ከ1538 ይጀምራል። ከዚያ በፊት፣ በተለይ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግብር መዝገብ፣ ከስም ቀጥሎ የተጻፈው ሙያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በሌላ ስም ይመዘገባል፣ ሐረጉም እዚያ ይበጠሳል።