የሚንቀጠቀጥ ቋሚ ትራፓኖ፦ በብሎን ማሰር ወይስ ቺንጋና ኩሽኔታ መቀየር?

የቤት ወርክሾፕ ቋሚ ትራፓኖ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቱ በሁለት መፍትሔዎች መካከል ያመነታል፤ አንዱ ማሽኑን ከወለል ወይም ከጠረጴዛ ጋር በብሎን ማሰር፣ ሌላው ቺንጋውን (የሞተሩን ዙረት ወደ ዘንጉ የሚያስተላልፈውን ቀበቶ) እና ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ቤሪንግ) መቀየር ነው።

በወጪ ረገድ ማሰር ይቀላል፤ አራት ብሎንና ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ንጣፍ ይበቃሉ። ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ግን ብሎኑ የሚይዘው ስለሌለ አስቀድሞ ሲሚንቶ ማፍሰስ ግድ ይላል።

ቺንጋ መቀየርም አያስቸግርም፤ ለወራት የቆመ ቺንጋ የፑሌጃውን (የሚጠመጠምበትን መንኮራኩር) ቅርጽ ይዞ ስለሚደርቅ በየዙሩ ማሽኑን ይነቀንቀዋል። ከባዱ የኩሽኔታው ሥራ ነው፤ ዘንጉ መውጣት፣ በኩሽኔታው ላይ የተጻፈው ቁጥርም በትክክል መነበብ አለበት። ለምሳሌ 6203 የሚል ቁጥር የውስጥ ስፋቱ 17፣ የውጭው 40 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ልኩ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ ካልተገኘ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ በመዶሻ ደብድቦ ማስገባት ደግሞ አዲሱን ኩሽኔታ ሥራ ሳይጀምር ያበላሻል (እኔም አንዱን እንዲሁ አጥፍቻለሁ)።

የማሰር አደጋው ሌላ ነው፦ ንቅናቄውን ያፍናል እንጂ ምንጩን አያጠፋም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ቺንጋውን ማውጣት፣ ከዚያ መልሶ ሰክቶ ሞተሩን ብቻውን ማስነሳት ይገባል። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ከዞረ ጥፋቱ ከቺንጋው፣ ከፑሌጃው ወይም ከዘንጉ ኩሽኔታ ስለሆነ መቀየር ይመረጣል፤ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ጠረጴዛው ብቻ ሲወላገድ ደግሞ ማሰር ይበቃል።