ቀጭኗ ስኮርታዬ፦ ከሞጆ እስከ ቱሉ ዲምቱ

የመኪናዬን የኋላ ኮፈን ከፍታችሁ ምንጣፉን ብታነሱ ስኮርታዬን፣ ማለትም ተጠባባቂ ጎማዬን፣ ታገኟታላችሁ። ጥቁር ቸርኬ፣ ቀጭን ጎማ፣ መሃሏ ላይ የፍጥነት ገደቧን 80 ብሎ የሚናገር ቢጫ ወረቀት። ሰፈር ውስጥ «የብስክሌት ጎማ» የሚሏት አሉ። እኔ ግን እናቴን ይዤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈጣን መንገድ ተጉዤባታለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ ያገለገለች። ስገዛት ሻጩ ሞተሩን አስነሳልኝ፣ ቴፑን ከፈተልኝ፣ መጨረሻ ላይ ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ «ስኮርታዋ ደግሞ መሬት አልነካችም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ያሏት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የጎማ ክሮች እንኳ አልረገፉም ነበር። ነፋሷን ግን አልለካልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከሁለት ወር በኋላ ጎሚስታ ጋ ሄጄ አራቱን ጎማ ሳስለካ ትዝ አለችኝና አምስተኛዋንም አውጣልኝ አልኩት። ነፋሷ 18 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሆኖ ተገኘ።

«ሰላሳ ሁለት ላድርግልሽ?»

«አይ፣ ስልሳ።»

«ስልሳ! አይሱዙ መሰለችሽ እንዴ እህቴ?»

የስልኬን መብራት አብርቼ ጎኗን አሳየሁት። ልጁ አቧራውን በመዳፉ ጠርጎ አነበበ። በጉልህ ተጽፏል፤ 60 ፒኤስአይ፣ በሌላው መለኪያ 420 ኪሎፓስካል። ጓደኛውን ጠርቶ «ና እያት» አለው። ከዚያ ሞላልኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። መደበኛው ጎማዬ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር ነው። ይቺ 125 ናት። ውስጧ የምትይዘው አየር ትንሽ ነው፣ የምትሸከመው ግን ያንኑ መኪና ነው። ክብደቱን የምትችለው አየሩ በደንብ ሲጠቀጠቅ ብቻ ነው። በ18 ብነዳት ኖሮ ጎኗ እየታጠፈ ይግል ነበር፤ የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል። በ32 ሲሞሏት ደህና የተሞላች ትመስላለች፣ አደጋውም እሱ ነው። በእግር ረገጥ አድርጎ «ደህና ናት» ማለት ለዚች ጎማ አይሠራም። መለካት አለባት።

ጎኗ ላይ ሌላም ተጽፏል። ቲ125/70ዲ16 ይላል። ቲ ጊዜያዊ ማለት ነው። ዲ ደግሞ ውስጧ ያለው ክር በሰያፍ የተደራረበ መሆኑን ይናገራል፤ የቀሩት አራቱ ራዲያል ናቸው፣ ክራቸው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የተዘረጋ። አሠራራቸው ስለሚለያይ መታጠፊያ ላይም ፍሬን ላይም ጠባይዋ ከእነሱ ጋር አንድ አይሆንም።

የጉዞው ቀን እሁድ ነበር። አዳማ ክርስትና ውለን ስንመለስ ነው። እማዬ ከኋላ ተቀምጣለች። ኮፈኑ ውስጥ ሃያ ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ጄሪካን፣ ባዶ የምግብ ዕቃዎች አሉ። ሞጆን እንዳለፍን መንገድ ላይ የወደቀ ብረት ረገጥኩ። ጧ! የሚል ድምፅ መጣ፣ መሪው ወደ ቀኝ ሳበኝ። ደንግጬ ፍሬን አልረገጥኩም። መሪውን አጥብቄ ይዤ ነዳጁን ለቀቅኩና ቀስ እያልኩ ዳር ያዝኩ። የፊት የቀኝ ጎማ ነው። ጎኑ በአንድ ጣት ርዝመት ተቀዷል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይለጠፍም።

እማዬን ከብረቱ አጥር ማዶ አሳረፍኳት። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ይዤ በእግሬ ርቄ ሄጄ አቆምኩት። እዚያ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት እስከ 120 ነው፣ ሃያ እርምጃ ላይ ቢቆም ማንም አያይልኝም። ሽንኩርቱን ሳወርድ ጆንያው ተፈታና ግማሹ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ።

አንድ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ፣ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ። ስኮርታዋን አንስቶ በቀጥታ ወደ ፊት ሄደ።

«ወንድሜ፣ እሷን ከኋላ ነው የምናስራት» አልኩት።

«የተቀደደው የፊቱ አይደል እንዴ? ሁለቴ ለምን ትለፊያለሽ?»

ነገርኩት። የኔ መኪና የምትጎተተው በፊት እግሮቿ ነው። መሪም ከፊት ነው። ፍሬንም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከፊት ነው። ቀጭኗ በቁመትም ታንሳለች፤ ትልቁ ጎማ 11 ጊዜ ሲዞር እሷ 12 ጊዜ ትዞራለች። ከፊት ካሰርናት ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ልዩነቱን ሲያካክስ ይውላል፣ መሪውም ይጎትታል። ስለዚህ ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት፣ ቀጭኗን ወደ ኋላ። ልጁ ትንሽ አሰበና «ልክ ነሽ፣ መሪ ላይ መጥፎ ናት» ብሎ ክሪኩን አነሳ።

ቡሎኖቹ አልፈታ አሉ። ጎሚስታው በነፋስ ማሽን ነበር ያጠበቃቸው። ልጁ ከነሱ መኪና ረጅም ቱቦ አምጥቶ መፍቻው ላይ ሰካና በክብደቱ ተጫነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው የሚላላው፣ ክሪክ ላይ ከወጣ በኋላ መታገል መኪናዋን ይጥላል። ሌላውን ጎማ በድንጋይ ደገፍን። አምስቱን ቡሎን በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እያቀያየርን አሰርን፣ መኪናዋ ስትወርድ እንደገና አጠበቅን። ሁለቴ መፍታትና ማሰር ስለሆነ አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። ስንጨርስ ልጁ ድንጋዩን አንስቶ ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። ይሄን ስላደረገ በጣም ነው የወደድኩት። ጎማ ቀይረው ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥለው የሚሄዱ ሰዎች ማታ የሚመጣውን ሰው አያስቡትም።

እዚህ ላይ የስኮርታዋ አንድ ትልቅ ጉድለት ይመጣል። ማንም ሲሸጥላችሁ አይነግራችሁም። ኮፈኑ ውስጥ ያለው የስኮርታ ጉድጓድ የተሠራው ለቀጭኗ ነው። የተቀደደው ሰፊ ጎማ እሷ በነበረችበት ቦታ አይገባም። ከነጭቃው ኮፈኑ ውስጥ ተጋደመ። ሽንኩርቱና ጄሪካኑ ከእማዬ እግር ሥር ገቡ። ቤተሰብ አምስት ሆኖ በሻንጣ ተሞልቶ የሚሄድ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ሻንጣ መንገድ ላይ አይጣል። እማዬንም ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኳት፣ ቀጭኗ ላይ ያለው ጭነት እንዲቀንስ።

አነዳዷ እንዲህ ነው። እስከ 50 ድረስ ብዙም አትታወቅም። ከ60 በላይ ከኋላ በኩል ወፍራም የሆነ እምምም የሚል ድምፅ አለ። መኪናዋ በቀኝ ኋላዋ ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ዝቅ ብላለች፣ በመስታወት ስታዩ አድማሱ ትንሽ ያዘነበለ ይመስላል። ጠመዝማዛ ላይ ኋላዋ ዘግየት ብሎ ነው የሚከተለው። አንዴ ብቻ፣ አንድ መኪና ፊቴ ሲገባ፣ ፍሬን ጠንከር አድርጌ ያዝኩ። ኋላዋ ወደ ጎን ሸርተት ሊል ሲቃጣው ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ከፊቴ ካለው መኪና ጋር ያለኝን ርቀት እጥፍ አደረግኩት።

ወረቀቱ 80 ይላል። እኔ በ70 ነው የነዳሁት፣ የቀኙን መስመር ሳልለቅ። ከኋላ መብራት የሚያበራ አለ፣ ጥሩምባ የሚነፋም አለ። እማዬ «ተዪያቸው ይለፉ ልጄ፣ እኛ እኮ እየደረስን ነው» ትለኛለች። በሰዓት ስናሰላው በ100 ብነዳ ያተርፍልኝ የነበረው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ የፈጣን መንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ክፍያውን ከፍዬ ዳር ቆምኩ። መዳፌን ጎማዋ ላይ አደረግኩ። ለብ ብላለች እንጂ አልጋለችም። ቡሎኖቹን በመፍቻ ሞከርኩ። ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ይሄንን አትርሱ፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ከሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ከዚያ እስከ ሰሚት ጉድጓድ እየሸሸሁ፣ ፍጥነት መቀነሻዎቹን በአንደኛ ማርሽ እያለፍኩ ገባሁ። ጎኗ አጭር ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች ቸርኬው ነው የሚመታው።

ታዲያ ጥሩ ዕቃ ናት? ለተሠራችበት ሥራ በጣም ጥሩ ናት። ቀላል ናት፣ እኔ ብቻዬን አንስቼ አስራታለሁ። ቦታ አትይዝም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው፣ ጎሚስታ በየሁለት መንደሩ ባለበት፣ ከሷ የሚሻል የለም። ለገጠር መንገድ ግን አልመክራትም። ጠጠር መንገድ ላይ፣ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅበት ቦታ፣ ሙሉ ስኮርታ ያስፈልጋል። እኔ በሚቀጥለው ቀን ሙሉውን ጉድጓዱ ውስጥ ሞክሬ ነበር። ከላይ ወጣ ብሎ ወለሉ አልገጥም አለ። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ስሄድ ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው ተውሼ ኮፈኑ ውስጥ በገመድ አስራለሁ።

አንድ ጎረቤቴ በመተግበሪያ ሰው እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። እንደኔው ቀጭን ስኮርታ አስሮ ሁለት ሳምንት ሠራባት። የጎማ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም። ግን ጎንበስ ብዬ ሳያት ጥርሷ አልቆ ክሩ ሊታይ ደርሷል። የነዚህ ጎማዎች ጥርስ ከመጀመሪያውም አጭር ነው፣ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የተሠሩት። በዝናብ ውሃውን የሚያስወጣ ቦይ የላትም ማለት ነው። «ተሳፋሪዎችህን አስብ፣ ልጆችህንም» አልኩት። ዕቁብ ደርሶት የነበረን ሰው ብር ለምነንለት በሁለተኛው ቀን ጎማ ገዛ።

የኔዋ ጎን ላይ ያለው የምርት ቀን 2615 ነው፣ የ2015 26ኛው ሳምንት፣ በፈረንጅ። ብዙ አምራቾች ጎማ ሳይነዳበት ቢቀመጥም 10 ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ። የኔ ሞልቷታል። መርካቶ አንድ ሁለት ሱቅ ጠይቄ ያመጡልኝ ከኔዋ ያረጁ ናቸው። ቀኑን ሳላነብ አልገዛም፣ እየፈለግኩ ነው። እስከዚያው በየወሩ አስለካታለሁ። ባለፈው ሳምንት 57 ነበረች፣ ልጁ ሳልነግረው ስልሳ አድርጎ መለሰልኝ።